ዝምድና ውህደትን አይከለክልም፦ ስለ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እጄ ገባና ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዤ። ያስደሰተኝ ርእሱ ነው። ስለ ብረታ ብረት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ አረብ ብረት፣ ስለ መዳብና ስለ ወርቅ ነው፤ እነዚህን ሁለት ቀላል ብረቶች አንስቶ፣ ያውም ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገኝም። እስክሪብቶ ያስያዘኝ ደግሞ ጸሐፊው ከትክክለኛ ቦታ ተነስተው በየመታጠፊያው መንገድ መሳታቸው ነው።

ላላነበባችሁት ጭብጡን ባጭሩ ልንገራችሁ። ካልሲየምና ማግኒዚየም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ዓምድ የተቀመጡ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም የውጪ ሁለት ኤሌክትሮኖቻቸውን ይሰጣሉ እንጂ አይቀበሉም፤ ስለዚህ በመካከላቸው ውህድ ሊፈጠር አይችልም፣ ያለው ድብልቅ ብቻ ነው ይላሉ። ከዚያ ይቀጥሉና የድብልቁ መቅለጫ ነጥብ የሁለቱ አማካይ እንደሆነ፣ ካልሲየም ማግኒዚየምን ከእሳትም ከዝገትም እንደሚያድነው፣ ሁለቱም በሰውነታችን ውስጥ ስላሉ የስብራት ብሎን ካልሲየሙ በበዛ ቁጥር እንደሚሻል፣ ድብልቁ ሃይድሮጂንን እንደ ስፖንጅ መጥጦ መልሶ እንደሚሰጥ፣ እስካሁን ግን ኢንዱስትሪ ውስጥ ቦታ እንዳላገኘ ጽፈዋል። መጨረሻ ላይ ዶሎማይት የተባለውን ድንጋይ ለምስክርነት ጠርተዋል።

ቶሎ ስለሚያልቅ በድንጋዩ ልጀምር። ዶሎማይት ካርቦኔት ነው፤ ብረቶቹ ከካርቦንና ከኦክስጅን ጋር የተዋሃዱበት ማለት ነው። በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ኤሌክትሮናቸውን አስረክበው በአዮንነት የተቀመጡ ናቸው፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ ኦክስጅን አለ፣ እርስ በርሳቸው አልተያያዙም። ካልሲየምና ማግኒዚየም አለበት ተብሎ በእንክብል የሚሸጠውም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1808 በኤሌክትሪክ ከውህዶቻቸው እስኪነጥላቸው ድረስ በብረትነት ያያቸው ሰው አልነበረም። ክርክራችን ደግሞ ሁለቱ በብረትነታቸው ሳሉ ሲገናኙ ስለሚሆነው ነው። ድንጋዩ ለዚህ ጉዳይ ምስክር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው። ውህድ የለም የሚለው አባባል ስህተት ነው። አለ፤ አንድ ብቻ ነው እንጂ አለ። ለእያንዳንዱ የካልሲየም አቶም ሁለት የማግኒዚየም አቶሞች የሚደርሱበት ውህድ ነው፤ በክብደት ሲሰላ 45 በመቶው ካልሲየም፣ 55 በመቶው ማግኒዚየም ይሆናል። ለማሳጠር ያህል ከዚህ በኋላ «አንድ ለሁለት» እለዋለሁ። ተራ ድብልቅ ቢሆን ኖሮ መጠኑን እንዳሻን ብናለዋውጠው ቅር ባላለው። ይህ ግን የራሱ ክሪስታልና የራሱ መቅለጫ ነጥብ አለው፤ ከመጠኑም ንቅንቅ አይልም። ትርፍ ካልሲየም ብትሰጡት ትርፉ ለብቻው ተለይቶ ይረጋል፤ ትርፍ ማግኒዚየምም እንደዚያው።

የስህተቱ ሥር የት ነው? ጸሐፊው የጨውን ሕግ ለብረት አውጀዋል። ሶዲየም ለክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሁለቱ በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙላት ይሳሳባሉ፣ ጨው ይሆናሉ፤ እዚያ ላይ ሰጪና ተቀባይ መኖሩ ግድ ነው። ብረት ከብረት ሲገናኝ ግን ኤሌክትሮኖቹ የጋራ ሀብት ናቸው። ማን ለማን ሰጠ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቀርና ማን የት ይቀመጥ የሚለው ይቀድማል። የቫለንስ ሂሳብ፣ ማለትም ማን ስንት ኤሌክትሮን ይሰጣል ወይም ይቀበላል የሚለው ቆጠራ፣ ለዚህ መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው በአቶሞቹ ስፋት ውስጥ ነው።

በብረትነቱ የካልሲየም አቶም ሬዲየስ 197 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ያህል ነው፣ የማግኒዚየም 160። ትልቁን ለትንሹ ብታካፍሉ 1.23 ታገኛላችሁ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ሁለት ዓይነት ሉሎችን፣ አንድ ትልቅ ለሁለት ትንሽ እያደረጋችሁ በአንድ የተወሰነ መልክ ስትደረድሩ፣ ትልልቆቹ ትልልቆቹን፣ ትንንሾቹም ትንንሾቹን በአንድ ጊዜ የሚነኩበት የሬዲየስ ንጽጽር በጂኦሜትሪ ሲሰላ 1.225 ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ልኩ ላይ ቁጭ ይላሉ ማለት ነው። በዚህ አደራደር ውስጥ እያንዳንዱ ካልሲየም 16 ጎረቤቶች አሉት፤ 12ቱ ማግኒዚየም፣ 4ቱ ካልሲየም ናቸው። እያንዳንዱ ማግኒዚየም ደግሞ በ12 ይከበባል፤ እኩሌታው ከራሱ ወገን፣ እኩሌታው ከካልሲየም ነው።

እንዲህ ያሉ ውህዶች በጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ በፍሪትዝ ላቭስ ስም «የላቭስ ፌዞች» ይባላሉ፤ ፌዝ እዚህ ላይ የራሱ አሠራር ያለው፣ ከሌላው የተለየ የቁሱ ክፍል ማለት ነው። ነገሩ ከእርሱ በፊት የተጀመረ ነው፤ የማግኒዚየምና መዳብን እንዲሁም የማግኒዚየምና ዚንክን ውህዶች አሠራር ጄምስ ፍራይፍ እ.ኤ.አ. በ1927 በኤክስሬይ ፈትቶታል። አንድ ለሁለት የሚከተለው የዚንኩን፣ ማለትም ባለ ስድስት ማዕዘኑን መልክ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጥቀስ፦ በማግኒዚየምና በዚንክ ውህድ ውስጥ ትልቁ ማግኒዚየም ነው፣ ትንሹ ዚንክ። ካልሲየም ሲመጣ ማግኒዚየም ወንበሩን ለቆ በትንሹ ቦታ ይቀመጣል። አቶሙ ያው ነው፤ ወንበሩን የሚወስነው አብሮት የመጣው ነው።

ዘመድ ከዘመድ አይዋሃድም ለሚለው ደግሞ ከዚያው ሰንጠረዥ ማስረጃ አለኝ። ሶዲየምና ፖታሲየም በአንድ ዓምድ፣ አንዱ ከአንዱ በታች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ኤሌክትሮን ሰጪዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት ሶዲየም ለአንድ ፖታሲየም ሆነው ይኸው ዓይነት የላቭስ ውህድ ይሠራሉ። የሬዲየሳቸው ንጽጽር 1.22 ነው። ውህዱ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈርሳልና ብርቱ አይደለም፤ መኖሩ ግን አያጠራጥርም። በተቃራኒው ካልሲየምን በዚያው ዓምድ ከሥሩ ካለው ከስትሮንቲየም ጋር ብታቀልጡ ምንም ውህድ አይፈጠርም፣ በየትኛውም መጠን ተደባልቀው ይረጋሉ፤ ስፋታቸው ይቀራረባላ። የስትሮንቲየም 215 ፒኮሜትር ነው። ጸሐፊው ስለ ካልሲየምና ስትሮንቲየም ቢጽፉ ኖሮ መደምደሚያቸው ልክ በሆነ ነበር፤ ምክንያታቸው ግን ያኔም ስህተት ነበር።

ሙሉ በሙሉ አልነፍጋቸውም። ካልሲየም ከማግኒዚየም ይልቅ ኤሌክትሮን ለመልቀቅ ይፈጥናል፤ አቶም ኤሌክትሮንን ምን ያህል እንደሚስብ በሚያሳየው በፖሊንግ መለኪያ ካልሲየም 1.00፣ ማግኒዚየም 1.31 ነው። ስለዚህ በውህዱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በመጠኑ ወደ ማግኒዚየም ያዘነብላሉ፣ ይህም ትስስሩን ያጠብቃል። መጥበቁ በሚዛን ይታያል። ካልሲየም በሴንቲሜትር ኩብ 1.55 ግራም፣ ማግኒዚየም 1.74 ግራም ይመዝናሉ። ዝም ብለው ቢደባለቁ በዚህ መጠን 1.65 መሆን ነበረበት፤ አንድ ለሁለት ግን 1.74 ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ይዘታቸው 5 በመቶ ያህል ይሟሽሻል። ድብልቅ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ 5 በመቶ የት ገባ?

ስለ መቅለጫ ነጥቡ ጸሐፊው የ650ን እና የ842ን አማካይ ወስደው 746 ዲግሪ ላይ ደርሰዋል። አማካይ እዚህ አይሠራም። አንድ ለሁለት የሚቀልጠው 715 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከማግኒዚየም በላይ፣ ከካልሲየም በታች። ዋናው ጣጣ ግን ከውህዱ ግራና ቀኝ ነው። በማግኒዚየሙ በኩል ካልሲየም በክብደት 16 በመቶ ያህል ሲሆን ቅይጡ 517 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በካልሲየሙ በኩል ካልሲየም 82 በመቶ አካባቢ ሲደርስ 445 ዲግሪ ይበቃዋል። እነዚህ ዩቴክቲክ የሚባሉት፣ ቅይጡ ከግራና ከቀኙ ካለው መጠን ሁሉ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥባቸው ነጥቦች ናቸው። በክብደት እኩል በእኩል ያደረጋችሁትን ቅይጥ ብትወስዱ፣ በአማካዩ ሂሳብ 746 ድረስ ጠጣር መስሏችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እርሱ ግን ገና 445 ላይ ፈሳሽ ማውጣት ይጀምራል። የ300 ዲግሪ ስህተት ነው።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ተማሪ ሳለሁ 3 በመቶ ካልሲየም ያለበትን የማግኒዚየም ናሙና 530 ዲግሪ ላይ ምድጃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ማግኒዚየም 650 ድረስ ይችላል ብዬ። ጠዋት ላይ ናሙናው ላብ ያጠመቀው መስሎ፣ ጥጉ ተንጠባጥቦ አገኘሁት። ጠጣር ማግኒዚየም 517 ዲግሪ ላይ እንኳ ከ1.34 በመቶ በላይ ካልሲየም በውስጡ ማሟሟት አይችልም። የተረፈው ብረቱ በተሠራባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ በቅንጣቶቹ፣ ድንበር ላይ ከአንድ ለሁለት ጋር ዩቴክቲክ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ ቀድሞ የቀለጠው እርሱ ነው።

ቀጥሎ ካልሲየም ከእሳትም ከዝገትም ያድናል የተባለው። ግማሹ እውነት ነው፣ እውነት የሆነውንም ግማሽ ላወድስ። የቀለጠ ማግኒዚየም አየር ካገኘ ይነዳል፤ ቀላጮች ከሚከላከሉበት ጋዝ አንዱ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ሲሆን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። ጥቂት ካልሲየም መጨመር የመቀጣጠያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ የዚህን ጋዝ ፍላጎት ይቀንሳል። ከኦክስጅን ጋር ለመያያዝ ካልሲየም ከማግኒዚየም ይበረታል፤ ወደ ላይ ወጥቶ ከማግኒዚየም ኦክሳይድ ጋር ስስና ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን ይሠራል፣ ሽፋኑም የማግኒዚየሙን ትነት ይገታል።

ዝገት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ዝገት ስል ብረቱ በእርጥበትና በጨው መበላቱን ማለቴ ነው። በተለመዱት የማግኒዚየም ቅይጦች ውስጥ አጥፊዎቹ እንደ ተራው ብረት (አይረን) እና ኒኬል ያሉ ቆሻሻዎች ናቸው። እነርሱ ካቶድ ሆነው ሳይነኩ ይቀመጣሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ማግኒዚየም ይበላል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው። አንድ ለሁለት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ካልሲየም ከማግኒዚየምም በላይ ንቁ ስለሆነ ውህዱ ራሱ አኖድ ይሆንና ቀድሞ ይበላል። ካልሲየሙ ጥቂት ሲሆንና ውህዱ በነጠብጣብ ተበታትኖ ሲቀመጥ ይህ ብዙ አይጎዳም። ካልሲየሙ ሲበዛ ግን ውህዱ በቅንጣቶቹ ድንበር ሁሉ እንደ መረብ ይያያዛል፤ መረቡ አንድ ጥግ ላይ መበላት ከጀመረ ጨዋማው ውሃ በዚያው ቦይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ያልተበሉትም ቅንጣቶች ድጋፍ አጥተው ይረግፋሉ። ከእሳት ለማዳን ብለው ካልሲየሙን ያለ ልክ ቢያበዙት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ይህንን ሳይዙ ወደ አጥንት ብሎን መሻገራቸው ነው የበለጠ ያሳሰበኝ። ሐሳቡ ከሥሩ ጥሩ ነው፦ አጥንት እስኪጠግን ደግፎ ይዞ፣ ከዚያ በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠፋና ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የማያስፈልገው ብሎን። የማግኒዚየምና ካልሲየም ቅይጦችም በዚህ ረገድ በብዙ ተጠንተዋል። ነገር ግን በጥናቶቹ ውስጥ ተስፋ የታየባቸው ካልሲየማቸው 1 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የሆኑት ናቸው። ጸሐፊው ካልሲየሙ በበዛ ቁጥር ይሻላል ያሉት አጥንት ውስጥ ያለውን ካልሲየም እያሰቡ ነው፤ እርሱ ግን በፎስፌት ውስጥ የተቀመጠ አዮን ነው። በብረትነቱ ያለ ካልሲየም ውሃ ሲነካው ሃይድሮጂን እየለቀቀ የሚፈላ ነገር ነው፣ አጥንት ከመሆኑ በፊት ብዙ ይቀረዋል።

ጋዙን በቁጥር እንየው። 1 ግራም ማግኒዚየም ተበልቶ ሲያልቅ በክፍል ሙቀት 1 ሊትር ያህል ሃይድሮጂን ይለቃል። 1 ግራም አንድ ለሁለት 0.8 ሊትር ገደማ ነው የሚለቀው፣ ያንሳል። ታዲያ ምን ይከፋል? ፍጥነቱ። በወራት የሚወጣን ጋዝ ሰውነት ያስወግደዋል፤ በቀናት ከወጣ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቤልጂጋዊው ቀዶ ሐኪም አልበን ላምቦት የተሰበረ እግርን በማግኒዚየም ሳህንና በአረብ ብረት ብሎኖች አስሮ ነበር፤ በ8 ቀን ውስጥ ሳህኑ ተበልቶ ፈራረሰ፣ እግሩም በጋዝ አበጠ። ያን ሳህን ያስበላው አጠገቡ የተቀመጠው አረብ ብረት ነው። ካልሲየም የበዛበት ብሎን ግን አረብ ብረትም አያስፈልገው፣ አኖዱንና ካቶዱን በሆዱ ይዞ ነው የሚገባው።

መሰበሩም አለ። የላቭስ ፌዞች በክፍል ሙቀት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ናቸው። አንድ ለሁለት በማይክሮሜትር የሚለኩ ጥቃቅን ምሰሶዎች ሆኖ ሲጨመቅ ሳይሰበር ቅርጹን ሊለውጥ እንደሚችል በላቦራቶሪ ታይቷል፤ በብሎን መጠን ሲሆን ግን በመፍቻ ገና ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። ካልሲየምን ያለ ውህድ ማስገባት የፈለጉ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል፦ ማግኒዚየም፣ ዚንክና ካልሲየምን አቅልጦ አቶሞቹ ተራ ሳይዙ በድንገት ማቀዝቀዝ። ውጤቱ ክሪስታል የሌለው፣ መስታወት መሰል ብረት ነው። ዚንኩ ከበቂ መጠን ሲያልፍ የሃይድሮጂኑ ጣጣ እጅግ እንደሚቀንስ ከዙሪክ የወጣ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይቷል። እዚያ የተሳካው እንግዲህ አንድ ለሁለት እንዳይፈጠር በመከልከል ነው።

የሃይድሮጂን ስፖንጅ የተባለውን ላይ ብዙ አልቆይም። መምጠጡን ይመጥጣል፣ በስሌት እስከ 6.4 በመቶ ክብደቱ፤ ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ሲመጥጥ አንድነቱ ይፈርስና ወደ ካልሲየም ሃይድራይድና ማግኒዚየም ሃይድራይድ ይለያያል። ከማግኒዚየሙ ሃይድሮጂን ለማስለቀቅ በሞል 75 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል፣ እርሱም ከባድ ይባላል፤ ከካልሲየሙ ደግሞ 180 ገደማ። ስፖንጅ ሲጨመቅ የጠጣውን ይመልሳል። ይሄኛው የጠጣውን ሲሶ አጥብቆ ይዞ ይቀራል።

ኢንዱስትሪ ውስጥ ቦታ አላገኘም የተባለው ደግሞ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው ለእርሳቸው በከፊል የሚያደላ ነው። ሙቀት የሚችሉ የማግኒዚየም ቅይጦች ውስጥ ካልሲየም በሰፊው ገብቷል። ተራው የማግኒዚየምና አሉሚኒየም ቅይጥ ከ120 ዲግሪ በላይ ጭነት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ መሐንዲሶች ክሪፕ የሚሉት ነው፤ በቅንጣቶቹ ድንበር ያለው የሁለቱ ውህድ በሙቀት ይልማልና። ካልሲየም ሲጨመር ድንበሩን የሚይዘው ጠንካራ የላቭስ ፌዝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ካልሲየም ከማግኒዚየም ይልቅ አሉሚኒየምን ይወዳል። በቅድሚያ የሚፈጠረው 1079 ዲግሪ ላይ የሚቀልጠው የካልሲየምና አሉሚኒየም ውህድ ነው፤ አንድ ለሁለት የሚመጣው ካልሲየሙ ከአሉሚኒየሙ አንጻር ሲበዛ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለውን ምስጋና ሁሉ ለእርሱ ብሰጥ ውሸት ይሆንብኛል።

ሁለተኛው መልስ ግን የማያወላውል ነው፣ ያለውም እርሳስ በሚጠራበት ድስት ውስጥ ነው። ከማዕድን የሚወጣ እርሳስ ቢስሙት የተባለ ሌላ ብረት ይዞ ይመጣል፤ ቢስሙት ደግሞ በባሕርዩ እርሳስን ስለሚመስል አየር እየነፉ ማቃጠሉ አይለየውም። ዊልያም ክሮል፣ ያው ታይታኒየም በሚመረትበት ዘዴ የሚታወቀው ክሮል፣ ቢስሙቱን በካልሲየም ለማውጣት መንገድ ከፈተ፤ ቤተርተን የተባለ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ማግኒዚየምን ጨመረበትና ዘዴው በሁለቱ ስም ክሮል ቤተርተን ተብሎ ቀረ። ካልሲየምና ማግኒዚየም በቀለጠው እርሳስ ውስጥ ሲገቡ ቢስሙቱን ይይዙታል፤ አንድ ካልሲየም፣ ሁለት ማግኒዚየም፣ ሁለት ቢስሙት የሆነ ውህድ ይፈጠራል። ውህዱ ከእርሳስ ይቀላል፣ እርሳሱ ፈሳሽ ሳለ እርሱ ይረጋል፤ እንደ አረፋ ላይ ላዩ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል።

የአቶሞቹን ቁጥር ልብ በሉ። የካልሲየምና የማግኒዚየም ድርሻ ያው አንድ ለሁለት ነው። ሦስቱ አቶሞች ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፣ ስድስት ይሆናል፤ ሁለቱ ቢስሙቶች ሦስት ሦስት ይቀበላሉ፣ ስድስት ይሆናል። ጸሐፊው የሙጥኝ ያሉት የሰጪና ተቀባይ ሂሳብ እዚህ ሳይጎድል ሳይተርፍ ይዘጋል፤ ተቀባዩን ቢስሙትን ማስገባት ነበረባቸው እንጂ።